ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፦ ርቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ መሄጃውና መመለሻው ለምን ይለያያል?

ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ምሽት ላይ ተነሥቶ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ የሚያቀና መንገደኛ፣ በመካከሉ ነዳጅ ለመቅዳት ከሚደረገው ማረፍ ጋር ጉዞው ከ16 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ሲመለስ ግን በዚያው ዓይነት አውሮፕላን፣ በእነዚያው ሁለት ከተሞች መካከል፣ የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይደርሳል። ውቅያኖሱ አልጠበበም፤ ከተሞቹም አልተቀራረቡም። ታዲያ ሦስት ሰዓት የሚሆነው ልዩነት ከየት መጣ?

በሁለት ከተሞች መካከል ያለውን የበረራ ርቀትና ሰዓት እናሰላለን የሚሉ ድረ ገጾች ለዚህ ጥያቄ መልስ የላቸውም። የከተሞቹ ስም ሲገባላቸው አንድ የኪሎ ሜትር ቁጥርና አንድ የሰዓት ቁጥር ያወጣሉ። አሠራራቸውም በአብዛኛው ርቀቱን ለአንድ አማካይ ፍጥነት ከማካፈል አያልፍም። ይህ ለትምህርት ቤት የሒሳብ ጥያቄ ይበቃል። ወላጁን ለመቅበር ለሚጣደፍ፣ ወይም እግራቸው የሚያብጥ እናቱን ብቻቸውን ለሚያሳፍር ሰው ግን አይበቃም።

ዋሽንግተንና አጎራባቾቿ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በአሜሪካ ትልቁ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ መኖሪያ ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች የበረራ ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት አንድ ስሌት መሥራት ይበቃል። በክረምቱ የአሜሪካ ሰዓት አንድ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ሰኞ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ቢያርፍ፣ ዋሽንግተን ላይ ገና የሰኞ ረፋድ 4 ሰዓት ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም የሚለው ወግ ተጥሶ ልጁ ያኔውኑ ቢሰማ እንኳ፣ ረፋድ ላይ የሚነሣው የዕለቱ በረራ አምልጦታል። በማግስቱ ረፋድ 5 ሰዓት ቢሳፈር አዲስ አበባ የሚደርሰው ረቡዕ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ቀብሩ ግን እንደ አገሩ ልማድ ማክሰኞ ተፈጽሟል። የሚደርሰው ለሠልስት ነው። ይህም መቀመጫ ከተገኘ፣ ነፋሱም ከቀና ነው።

እንግዲህ ይህን ሰዓት የሚወስኑት ነገሮች ምንድን ናቸው?

ክር በሉል ላይ

መነሻው ርቀቱ ነው። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው አጭሩ መንገድ 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ቁጥር ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ካርታ በማስመሪያ የሚገኝ አይደለም። በየመማሪያ ክፍሉ የምናየው ዝርግ ካርታ መሠረቱ ፍሌሚሹ የካርታ ባለሙያ ጌራርዱስ መርካቶር በ1569 ለመርከበኞች ያዘጋጀው ሥራ ነው። ክብ የሆነችውን ምድር ዘርግቶ ለማሳየት ሲል ወደ ዋልታዎቹ የሚጠጉትን አገሮች ይለጥጣቸዋል። በዚያ ካርታ ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ቀጥ ያለ መስመር ብናሰምር፣ መስመሩ በሰሃራና በአትላንቲክ ላይ አቋርጦ ያልፋል፤ ቀጥ ያለ ይመስላል እንጂ ከአጭሩ መንገድ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይረዝማል።

እውነተኛውን መንገድ ለማየት ሉል ያስፈልጋል። አንዱን የክር ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ ይዞ ክሩን መወጠር ነው። ክሩ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወጣል፤ ጎጃምን አቋርጦ ካርቱም አጠገብ ያልፋል፤ የሊቢያን በረሃ ሰንጥቆ በቱኒዚያና በአልጄሪያ ድንበር አካባቢ ይሻገራል፤ የሜዲትራኒያንን ምዕራባዊ ጥግ ተሻግሮ በደቡብ ስፔንና በፖርቱጋል በኩል ወደ አትላንቲክ ይገባል። በውቅያኖሱ መካከል ወደ 45 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ይጠጋል። ይህ ከራሷ ከዋሽንግተን 6 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ያለፈ ነው። ከዚያም ወደ ደቡብ አዘንብሎ በኒው ዮርክ በኩል ዋሽንግተን ይደርሳል። የሒሳብ ሰዎች ይህን መስመር ታላቁ ክብ ይሉታል።

ከዚህ መስመር አንድ ጠቃሚ ነገር እንረዳለን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ባለፉት ዓመታት ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ ነዳጅ ለመቅዳት ካረፈባቸው ከተሞች መካከል ሮምና ደብሊን ይገኙበታል። ብዙ መንገደኛ "ለምን ያዞሩናል?" ብሎ ያጉረመርማል። በክሩ ሲለካ ግን በሮም በኩል መሄድ ጉዞውን የሚያስረዝመው በ150 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በደብሊን በኩልም ቢሆን ከ300 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። አውሮፕላን ይህን ያህል ለመጓዝ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። የቶጎዋ ሎሜ ግን ሌላ ነገር ናት። አየር መንገዱ ከ2016 ጀምሮ በኒው ዮርክ አጠገብ ወዳለችው ኒዋርክ በሎሜ በኩል መብረር ጀምሮ ነበር። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በዚያ በኩል ቢኬድ መንገዱ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ሎሜ የተመረጠችው ለአጭርነቷ ሳይሆን አየር መንገዱ ድርሻ ያለው አስካይ መናኸሪያው እዚያ ስለሆነ፣ የምዕራብ አፍሪካ መንገደኞችንም ስለምታሰባስብ ነው። በዱባይ በኩል ለሚዞር ደግሞ ጠቅላላ ርቀቱ ወደ 13,900 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። መንገደኛው መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ይሄድና ኋላ ያንኑ ወደ ምዕራብ ይመለሳል። ትኬቱ ረክሶ ሲገኝ ልዩነቱን የሚከፍለው በሰዓት ነው።

ከምዕራብ የሚነፍሰው ወንዝ

ርቀቱ ለመሄድም ለመመለስም ያው ነው። መጀመሪያ የሚለየው አየሩ ነው።

ከምድር ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ልክ የመንገደኞች አውሮፕላኖች በሚበሩበት ቦታ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ጠባብና ብርቱ የነፋስ ወንዝ አለ። ጄት ስትሪም ይባላል። ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ አንዳንዴም ከ300 ያልፋል። የሚፈጠረው በሞቃቱና በቀዝቃዛው የምድር ክፍል መካከል ባለው የሙቀት ልዩነትና በምድር ሽክርክሪት ነው። በሰሜኑ ክረምት፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት፣ ይበረታል።

የዚህ ነፋስ ታሪክ ራሱ አስገራሚ ነው። ጃፓናዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ዋሳቡሮ ኦኢሺ በ1920ዎቹ ፊኛዎችን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ሲለካ አገኘው። ግኝቱንም ዓለም ሁሉ እንዲያነበው በማሰብ ኤስፔራንቶ በተባለው ሰው ሠራሽ ቋንቋ በ1926 አሳተመው። ዓለም ግን ኤስፔራንቶ አያነብም ነበር። አሜሪካውያን አብራሪዎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ በጃፓን ሰማይ ከዚያው ነፋስ ጋር እስኪጋፈጡ ድረስ፣ ሥራው ከአገሩ ውጭ ሳይታወቅ ቆየ።

የነፋሱ ጉልበት በየካቲት 2020 በግልጽ ታይቷል። ኪያራ የተባለው ማዕበል አትላንቲክን ሲያቋርጥ አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን ከኒው ዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ደረሰ። ከመሬት አንጻር ሲለካ ፍጥነቱ በሰዓት ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ሞተሩ ከወትሮው አልበረታም፤ በወንዙ ላይ እንደተንሳፈፈ እንጨት ተሸክሞት የሄደው ነፋሱ ነው። በዚያኑ ሰዓት ወደ ምዕራብ የሚበሩት ደግሞ ከዚያው ወንዝ ሸሽተው ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ይዞሩ ነበር።

ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ አውሮፕላን በአትላንቲክ ላይ ይህ ነፋስ ከኋላው ይገፋዋል። በክረምት ወራት ደግሞ ሰሜን አፍሪካ ላይ ሌላ መሰል ነፋስ ይጠብቀዋል። የሚሄደው ከሁለቱም ጋር ፊት ለፊት ይጋጠማል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ አለ። "ሲሄድ ያጣውን ሲመለስ ያገኘዋል፤ ስለዚህ ይቻቻላል" ይባላል። አይቻቻልም። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን 9,000 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 10 ሰዓት፣ ለመመለስም 10 ሰዓት፣ በድምሩ 20 ሰዓት ይፈጅበታል። አሁን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ እንጨምር። ሲሄድ ፍጥነቱ 800 ይሆናል፤ 11 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይወስድበታል። ሲመለስ በ1,000 ፍጥነት 9 ሰዓት ይበቃዋል። ድምሩ 20 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው። ነፋሱን የሚቃወምበት ጊዜ ከሚገፋበት ጊዜ ስለሚረዝም ነፋስ ሁልጊዜ ከሚሰጠው በላይ ይወስዳል። የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ፖል ዊሊያምስ በ2016 ባወጡት ጥናት፣ የዓለም ሙቀት መጨመር ይህን ነፋስ እያበረታው ከሄደ አትላንቲክን የሚያቋርጡ አውሮፕላኖች በዓመት በድምሩ 2,000 ያህል ተጨማሪ ሰዓታት በአየር ላይ ሊያሳልፉ እንደሚችሉ አስልተዋል።

ይሁን እንጂ ነፋሱ ብቻውን ሦስቱን ሰዓት አያስረዳም። የሚያመጣው ልዩነት እንደ ወቅቱ ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ዋናው ምክንያት ከአውሮፓም ከአትላንቲክም አይደለም፤ ያለው ቦሌ ነው።

የከፍታ ዋጋ

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። የዋሽንግተን ደለስ ከፍታ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በቦሌ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። አውሮፕላንም እንደዚያው ነው።

ክንፍ አውሮፕላኑን የሚያነሣው በሚያልፍበት አየር ላይ ተደግፎ ነው። አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ድጋፍ ለማግኘት በበለጠ ፍጥነት መሮጥ ይኖርበታል። በባሕር ዳርቻ በሰዓት 290 ኪሎ ሜትር ላይ መሬት የሚለቅ አውሮፕላን፣ በዚያው ክብደት ከቦሌ ለመነሣት ወደ 325 ኪሎ ሜትር መድረስ አለበት። ሞተሩ ደግሞ የሚያነድደው ነዳጅ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ በሳሳ አየር ውስጥ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ቦሌ ላይ ያለ አውሮፕላን በደከመ ሞተር የበለጠ ፍጥነት እንዲያመጣ ይጠየቃል። ቀን ላይ ፀሐይ ሲያከር አየሩ የባሰ ይሳሳል። የረጅም ርቀት በረራዎች ከምሽት በኋላ መነሣታቸው በዋናነት መንገደኞችን ከሌሎች በረራዎች ጋር ለማገናኘት ቢሆንም፣ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ለአብራሪዎቹ የተመቸ ነው።

ታዲያ ማኮብኮቢያውን ማስረዘም አይበቃም ወይ? የቦሌ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ በዓለም መለኪያ አጭር አይደለም። ገደቡ ግን ርዝመት ብቻ አይደለም። የአውሮፕላን ጎማዎች የተሠሩበት የፍጥነት ጣሪያ አለ። ከዚያም በላይ፣ በመነሻው ቅጽበት ከሁለቱ ሞተሮች አንዱ ቢጠፋ በቀረው ሞተር ብቻ ከፍ እያለ በአካባቢው ያሉትን ተራሮች ማለፍ መቻሉ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። ይህ የማይታለፍ ሕግ ነው። በሰሜን እንጦጦ ቆሞ በሚያይበት ከተማ ቀላል መስፈርት አይደለም።

መፍትሔው አንድ ነው፦ ክብደት መቀነስ። ከአውሮፕላን ላይ ሊቀነስ የሚችለው ደግሞ ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ሰው፣ ጭነት ወይም ነዳጅ። ቦይንግ 787-8 የተባለው አውሮፕላን በተመቸ ቦታ እስከ 228 ቶን ተሸክሞ መነሣት ይችላል። ለእንዲህ ዓይነት ጉዞ የሚያስፈልገው ነዳጅ ብቻውን ብዙ አሥር ቶኖች ነው። ነዳጅም ራሱ ነዳጅ ይበላል፤ ለ13 ሰዓት ተሸክመውት ከሚበሩት አንድ ተጨማሪ ቶን ውስጥ ሲሶው ያህል የሚቃጠለው ያንኑ ቶን ለመሸከም ነው። ስለዚህ አየር መንገዱ ሁለት ምርጫ አለው። መቀመጫ ባዶ ትቶ ሳያርፍ መብረር አንዱ ነው። ሌላው አውሮፕላኑን በሰውና በጭነት ሞልቶ፣ ነዳጁን በከፊል ይዞ ተነሥቶ፣ የቀረውን ዝቅ ባለ ቦታ መቅዳት ነው። ሁለተኛው ያዋጣል። ባዶ መቀመጫ ገቢ አያመጣም፤ ለመንገደኛውም ቢሆን ትኬቱ ከዚህ በላይ ይወደድበት ነበር።

ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን ሁሉም ይገለበጣል። መነሻው ዝቅተኛ ነው፤ አየሩ ወፍራም ነው፤ አውሮፕላኑ ነዳጁን እስከ አፉ ሞልቶ ይነሣል፤ ነፋሱም ከኋላ ነው። ቦሌ ሲደርስ አብዛኛውን ነዳጅ ጨርሶ ቀሏል፤ ለማረፍ ደግሞ የሞተር ጉልበት ብዙም አይፈለግም። ከፍታው የሚያስከፍለው በመነሻ እንጂ በመድረሻ አይደለም ማለት ይቻላል።

ይህ ችግር የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። ቦጎታ ከአዲስ አበባም ከፍ ያለች ናት፤ የቱርክ አየር መንገድ ከኢስታንቡል ወደዚያ ሳያርፍ እየበረረ ሲመለስ ግን ፓናማ ላይ ያርፍ ነበር። ኤሚሬትስም በ2019 መጨረሻ ወደ ሜክሲኮ ሲቲ በረራ ሲጀምር ባርሴሎና ላይ ማረፍን መርጧል፤ ምክንያቱም ያው ከፍታ ነው። በአንጻሩ የዓለማችን ረጅሙ የመንገደኞች በረራ፣ ከሲንጋፖር ኒው ዮርክ የሚደረገው ከ15,300 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ጉዞ፣ ሁለቱም ጫፎቹ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ናቸው። ከአዲስ አበባ–ዋሽንግተን በሲሶ ገደማ የሚረዝመው መንገድ በመሄድም በመመለስም የትም ሳያርፍ ይበረራል። ርቀት ብቻውን የማይፈርደው ለዚህ ነው።

በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ በተባለው ስፍራ የሚገነባው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ከዚህ አንጻር ሲታይ ከትልቅነቱ ሌላ ትርጉም ያገኛል። አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ነው፤ ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። 400 ሜትር ለእግረኛ አንድ ኮረብታ ነው። ለአውሮፕላን ግን በርካታ ተጨማሪ ቶኖች ማለት ነው፤ እነዚያ ቶኖች ደግሞ ነዳጅ፣ መንገደኛ ወይም ወደ ውጭ የሚላክ አበባ ሊሆኑ ይችላሉ። ከተማዋ ለማረፊያው የምትርቅ መሆኗ፣ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። በአየር ላይ የተረፈው ሰዓት በመንገድ ላይ መጨናነቅ ተመልሶ እንዳይወሰድ የሚያገናኘው የመኪናና የባቡር መንገድ መታሰብ ይኖርበታል።

የተዘጋ ሰማይ

በሉል ላይ የተወጠረው ክር ድንበር አያውቅም። አብራሪ ግን ያውቃል።

ቀደም ሲል ያየነው መስመር ካርቱም አጠገብ እንደሚያልፍ ልብ ይሏል። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦርነት ሲቀሰቀስ፣ በዕለቱ የካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ የውጊያ ሜዳ ሆነ፤ አንድ የሳዑዲ የመንገደኞች አውሮፕላንም ተመታ። የአገሪቱ የአየር ክልል ለሲቪል በረራ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚሄዱ በረራዎች ሱዳንን ለመዞር ወይ ወደ ቀይ ባሕርና ግብፅ፣ ወይ ወደ ቻድ በኩል ማዘንበል ግድ ሆነባቸው። ቀጥሎ ያለችው ሊቢያም ከ2011 ወዲህ በተለያየ ጊዜ የአሜሪካና የአውሮፓ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪዎች አየር መንገዶቻቸውን ያገዱባት ወይም ያስጠነቀቁባት ሰማይ ናት። በዚህም የተነሣ የመንገዱ አጭሩ ክፍል በካርታ ላይ እንጂ በተግባር የሚሠራ አልሆነም።

የአካባቢያችን ሰማይ ለዚህ እንግዳ አይደለም። ከ1998ቱ ጦርነት ጀምሮ ለ20 ዓመታት የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች በኤርትራ ላይ አያልፉም ነበር፤ ሐምሌ 2018 ላይ የመጀመሪያው የመንገደኞች በረራ አሥመራ ሲያርፍ ያ ዘመን ያበቃ መሰለ። በመስከረም 2024 የአሥመራው በረራ ተቋረጠ። ሁለቱ ከተሞች ከአንድ ሰዓት ብዙም በማይበልጥ በረራ የሚገናኙ ናቸው። በረራው በተቋረጠበት ጊዜ ግን መንገደኛው በሦስተኛ አገር በኩል ዞሮ የቀኑን እኩሌታ ወይም ከዚያ በላይ ያሳልፋል። ፖለቲካ በኪሎ ሜትር ሲለካ ይህን ይመስላል።

ሌላውም ዓለም ቀምሶታል። የሩሲያ ሰማይ በ2022 ለአውሮፓ አየር መንገዶች ሲዘጋ፣ ከሄልሲንኪ ቶኪዮ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅ የነበረው የፊንኤር በረራ ወደ 13 ሰዓት ረዘመ። አየር መንገዱ በሰሜን ዋልታ በኩል እስከ መዞር ደርሷል።

ትኬት ሲነበብ

ይህን ሁሉ ለሚያውቅ ሰው ትኬት ማንበብ ሌላ ነገር ይሆናል። በአማርኛ "ቀጥታ በረራ" የምንለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። አንዱ የትም ሳያርፍ የሚሄድ ነው። ሌላው አንድ የበረራ ቁጥር ይዞ፣ በመካከል አርፎ፣ መንገደኛው አውሮፕላን ሳይቀይር የሚቀጥል ነው። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው ሁለተኛው ዓይነት ሆኖ ቆይቷል። ነዳጅ ሲቀዳ መንገደኞች አብዛኛውን ጊዜ ከመቀመጫቸው አይወርዱም። ሆኖም ለማረፍ ዝቅ ማለቱ፣ መቅዳቱና እንደገና መነሣቱ ተደምሮ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ቋንቋ የማያውቁ እናት "ደረስን?" ብለው ሻንጣቸውን ለማውረድ መነሣታቸው በዚህ መስመር ያልተለመደ አይደለም። አስቀድሞ መንገር ይጠቅማል።

ለእንዲህ ያሉ መንገደኞች የሰዓቱ ርዝመት የጤና ጉዳይም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጦ መጓዝ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አመልክቷል። ለጤነኛ ሰው አደጋው አነስተኛ ነው፤ ከ6,000 መንገደኞች አንዱን ያህል። በዕድሜ ለገፉ፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ለተደረገላቸው ወይም ከዚህ ቀደም ደም ለረጋባቸው ግን ይበልጣል፤ ከጉዞ በፊት ሐኪም ማማከር ይገባል። በየሰዓቱ ተነሥቶ መንጠራራት፣ እግርን ማንቀሳቀስና ውኃ መጠጣት ለሁሉም ይመከራል።

በመጨረሻ የሰዓት አቆጣጠሩ አለ። ዋሽንግተን በክረምት ከአዲስ አበባ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። በመጋቢት ሁለተኛው እሑድ የአሜሪካ ሰዓት ወደፊት ሲገፋ ልዩነቱ 7 ይሆናል፤ በኅዳር የመጀመሪያው እሑድ ወደ 8 ይመለሳል። የእነዚህ ወሮች ስም በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር መሆኑን ልብ ይሏል። አዲስ አበባ ሰዓቷን አትቀይርም። ስለዚህ በረራው በሁለቱም ወቅት እኩል ቢፈጅ እንኳ፣ ትኬት ላይ የተጻፈው የመድረሻ ሰዓት በአንድ ሰዓት ሊለያይ ይችላል።

ከዚህ የሚብሰው ግን የሌሊቱ ትኬት ነው። በትኬት ላይ ያለው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር አይደለም፤ 22:30 ተብሎ የተጻፈው ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። 00:40 ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40 ነው፤ ቀኑም ተቀይሯል። በእኛ ልማድ ሌሊቱ እስኪነጋ ድረስ ያለፈው ቀን ሌሊት ነው። በትኬቱ ግን አዲሱ ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ጀምሯል። "የ12 ቀን ሌሊት" ተብሎ 00:40 የተጻፈበት መንገደኛ ቦሌ መድረስ ያለበት በ11ኛው ቀን ምሽት፣ ከ3 ሰዓት በፊት ነው። በ12ኛው ቀን ምሽት ሻንጣውን ይዞ ቢመጣ፣ አውሮፕላኑ ዋሽንግተን ደርሶ የመልስ መንገደኞቹን ጭኖ ተነሥቷል።